ፕሮፋይል ፎቶ የሚመረጠው ለሚያየን ሰው ነው



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ክብ ምስል ነው፤ በቴሌግራም፣ በፌስቡክ፣ በዋትስአፕ፣ በኢሞና በሊንክድኢን ከስማችን ጎን ስለምትቀመጠው ፕሮፋይል ፎቶ። ጉዳዩ ለዲስኩር የማይበቃ ቀላል ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ ቀጣሪ ማመልከቻችንን ሲያይ፣ ደንበኛ ዕቃ ለማዘዝ ሲጽፍልን፣ ባሕር ማዶ ያለ የአክስት ልጅ ከስንት ዓመት በኋላ ሲፈልገን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ያችን ምስል ነው። ሰላምታችንን ሳይሰማ፣ እጃችንን ሳይጨብጥ ስለ እኛ አንድ ነገር ያስባል። ይህን ያህል የሚታይ ነገር በግዴለሽነት ሊመረጥ አይገባም።

ሐሳቤን ከመነሻው ግልጽ ላድርገው። ፕሮፋይል ፎቶ የሚመረጠው ለሚያየው ሰው ነው። ተግባሩ ባለቤቱን ማሳወቅ ነው። የሚያውቀን ሰው ሲያየው «እሱ ነው፣ እሷ ናት» ማለት መቻል አለበት፤ የማያውቀን ደግሞ በአካል ባገኘን ቀን ሳይደናገር ሊለየን ይገባል። ውበት የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ዛሬ የምላችሁ ሁሉ ከዚህ ከአንዱ ሐሳብ የሚነሣ ነው።

በትንሽ ክብ ውስጥ ፊትን ማስቀመጥ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የነገሠው የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ በወርቅና በብር ገንዘብ ላይ መልኩን አስቀርጿል። የወርቁ ገንዘብ ስፋት 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ በስልካችን ላይ ከምናያት ክብ ምስል ብዙም አይርቅም። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ቀራጩ ያስቀመጠው የንጉሡን ራስና ትከሻ፣ ግራና ቀኝ ያቀፉትን ሁለት የስንዴ ዛላዎች፣ ከላይ ደግሞ የዘመኑን የእምነት ምልክት፣ ክብና ጨረቃን ነው። ቤተ መንግሥቱን፣ ሠራዊቱን፣ ሐውልቱን ሁሉ ልክተት አላለም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል የጨረቃዋን ቦታ መስቀል ያዘ፤ ፊቱና ዛላዎቹ ግን ቀጠሉ። የአክሱም ቀራጮች የተረዱት ነገር ዛሬም ይሠራል፤ በትንሽ ቦታ ላይ አንድ ፊትና ማንነትን የሚናገር አንድ ሁለት ምልክት ይበቃል።

ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው አያቶቻችን ከተገበያዩበት ከጠገራ ብር ነው። በላዩ ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞታለች። ብሩ ግን ከሞተች በኋላም ያንኑ መልኳንና ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ መመታቱን ቀጠለ። የኢትዮጵያ ነጋዴ ብሩን ሲቀበል በራስ ጌጧ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ ነጠብጣብ እያየ ያጣራ ነበር፤ ነጠብጣቡ ከጎደለ ወይም ከደበዘዘ አልቀበልም ይላል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት የያዘውን፣ የራሳቸው መልክና አንበሳ ያለበትን ብር በፓሪስ ባስመቱ ጊዜ እንኳ ገበያው ለረዥም ዘመን የለመዳትን የባዕድ አገር ሴት አልለቀቀም። ምክንያቱ አንድ ነው። ገበያተኛው መልኳን ያውቃል፤ ትናንት ያያት ዛሬም እሷው ናት። እምነት የሚገነባው ሳይለዋወጥ በቆየ መልክ ላይ ነው። ፕሮፋይል ፎቶውን በየሳምንቱ የሚቀያይር ነጋዴ ወይም ባለሙያ ደንበኛው ፊቱን እንዳይለምድ ራሱ ያደርጋል።

ሦስተኛው ትምህርት ከፎቶ ቤት የሚገኝ ነው። በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት ያገለገለው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሙያውን ከእሱ የወረሱት ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ የነገሥታቱንና የመኳንንቱን መልክ አስቀርተውልናል። ቀስ በቀስ ካሜራው ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ፒያሳ፣ ከዚያም ወደየክፍለ ሀገሩ ከተማ ገባ። በፎቶ ቤት ውስጥ መስታወትና ማበጠሪያ ነበረ፤ ኮትና ከረባት ለሌለው የሚዋሰው ነበረ፤ ከጀርባው አበባ ወይም ፏፏቴ የተሣለበት መጋረጃ ነበረ። ፎቶ አንሺው አገጭ ቀና ያደርጋል፣ ኮሌታ ያስተካክላል፣ «ትንሽ ፈገግ በሉ» ይላል። ፎቶው ከታጠበ በኋላ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ተብሎ ተጽፎ ለዘመድ ይላካል፤ ሌላው ቅጂ በሳሎኑ አልበም ውስጥ ይገባል፤ እንግዳ ሲመጣም ቡናው እስኪፈላ አልበሙ ይሰጠዋል። እነዚያ ሰዎች ፎቶ ሲነሡ ማን እንደሚያየው ያውቁ ነበር። ስልክ በየእጃችን ሲገባ ያገኘነው ብዙ ነው፤ ያጣነው ትልቅ ነገር ግን ያ የፎቶ አንሺው ዓይን ነው። አሁን አንሺውም፣ ተነሺውም፣ መራጩም እኛው ሆነናል።

የሌላ ሰው ዓይን ለምን እንደሚያስፈልግ ጥናቶች በግልጽ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ የተባሉ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች የማያውቁትን ፊት ለአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ አይተው ስለ ታማኝነቱና ስለ ችሎታው ፍርድ እንደሚሰጡ አሳዩ። ጊዜ ሲጨመርላቸው በፍርዳቸው ይበልጥ ይተማመናሉ እንጂ ፍርዱ ያን ያህል አይለወጥም። ፍርዱ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። ነገር ግን ይሰጣል፤ እኛም ልናስቀረው አንችልም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ዴቪድ ኋይት፣ ክሌር ሰዘርላንድና ኤሚ በርተን በአውስትራሊያ ያደረጉት ጥናት ታተመ። ተሳታፊዎቹ ከራሳቸው ፎቶዎች መካከል ለፕሮፋይል የሚሆነውን እንዲመርጡ ተጠየቁ፤ ከዚያም ፈጽሞ የማያውቋቸው ሰዎች ከእነዚያው ፎቶዎች መረጡላቸው። በመጨረሻም ሌሎች ሰዎች ፎቶዎቹን አይተው የተሰማቸውን ተናገሩ። ባዕዳኑ የመረጧቸው ፎቶዎች ባለቤቶቹ ራሳቸው ከመረጧቸው ይልቅ የተሻለ ስሜት አሳደሩ። ሰው የራሱን ፊት አጥርቶ ማየት ይቸግረዋል። አንዱ ምክንያት መስታወት ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሰዎች የራሳቸውን ፎቶ ግራና ቀኙ ተገልብጦ፣ በመስታወት እንደሚያዩት ሲሆን እንደሚወዱት፣ ወዳጆቻቸው ግን ያልተገለበጠውን እንደሚመርጡ አሳይቷል። እኛ የለመድነው ፊትና ዓለም የሚያውቀው ፊታችን አንድ አይደሉም።

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። ሮብ ጄንኪንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት የሁለት ታዋቂ የሆላንድ ሴቶችን 40 ፎቶዎች፣ የእያንዳንዳቸውን 20፣ ለእንግሊዝ ተሳታፊዎች ሰጥተው «የየሰውን ፎቶ ለየብቻ ክመሩ» አሏቸው። ሴቶቹን የማያውቁት እንግሊዞች ሰባት ስምንት የተለያዩ ሰዎች አስመስለው ከፋፈሏቸው። ሴቶቹን የሚያውቁት ሆላንዳውያን ግን ሁለት ክምር ብቻ አደረጉ። የአንድ ሰው ፊት በብርሃን፣ በርቀት፣ በፀጉር አሠራርና በስሜት ይህን ያህል ይለዋወጣል፤ ለማያውቀን ሰው እያንዳንዱ ፎቶ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ለማያውቁን ሁሉ የምንሰጠው ፎቶ ከፊታችን ዓይነት ሁሉ በጣም የተለመደውን፣ ጠዋት ከቤት ስንወጣ ጎረቤት የሚያየውን መምሰል አለበት።

ከዚህ ተነሥቼ የምሰጠው ምክር ቀላል ነው። አምስት ስድስት ፎቶዎች ለዩ። ከዚያ ሁለት ሰው ጠይቁ፤ አንዱ በደንብ የሚያውቃችሁ፣ ሌላው እምብዛም የማያውቃችሁ ይሁን። «የትኛው ላይ አምራለሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይሉኝታ መልሱን ያበላሸዋል። የሚያውቃችሁን «እኔን በጣም የሚመስለው የትኛው ነው?» በሉት። የማያውቃችሁን «የትኛውን ሰው አምነህ ሥራ ትሰጠዋለህ?» በሉት። ሁለቱም አንድ ፎቶ ላይ ከተስማሙ እናንተ ባትወዱትም እሱን አስቀምጡት።

አሁን ወደ አነሣሡ ልምጣ። የመጀመሪያው ነገር ርቀት ነው። ስልኩን በክንዳችን ልክ ይዘን ራሳችንን ስናነሣ ለሌንሱ የቀረበው አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮና ጉንጭ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ስሌት በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሣ ፎቶ በ1 ሜትር ተኩል ርቀት ከተነሣው ይልቅ አፍንጫን 30 በመቶ ገደማ አስፍቶ እንደሚያሳይ አመልክቷል። ሌንሱ ያመጣውን ጉድለት ከፈጣሪ እንደተሰጣቸው ቆጥረው የሚያዝኑ ወጣቶች አሉ። እነዚህን ወጣቶች የምላቸው አንድ ነገር አለ፤ ስልኩን ለወንድም ወይም ለጓደኛ ስጡና ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ያንሣችሁ። የምታዩት ፊት ሰዎች የሚያውቁት እውነተኛው ፊታችሁ ነው።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። እዚህ ላይ ስለ ቆዳችን ቀለም ግልጽ ሆኖ መናገር ያስፈልጋል። ባለቀለም ፊልምና የማተሚያ መሣሪያዎች ለብዙ ዘመን የተስተካከሉት በነጭ ሴቶች ፎቶ ነው። ኮዳክ ኩባንያ ለማተሚያ ቤቶች ያድለው የነበረው መለኪያ ካርድ በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። በዚህ ምክንያት ጥቁር ፊት በፎቶ ላይ ዝርዝሩ እየጠፋ፣ ዓይንና ጥርስ ብቻ እየቀረ ይወጣ ነበር። የስልክ ካሜራዎች ዛሬ ተሻሽለዋል፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 የጠይምና የጥቁር ቆዳን ትክክለኛ ቀለም ለማሳየት ታስቦ የተሠራ ቴክኖሎጂ በስልኮቹ ላይ አውጥቷል። ቢሆንም ማንኛውም ስልክ ከጀርባችን ነጭ ግድግዳ ወይም ብሩህ ሰማይ ካለ ያንን ብርሃን ለመቀነስ ሲል ፊታችንን ያጠቁረዋል። መፍትሔው ቆዳን በፊልተር ማንጣት አይደለም። ከጀርባችሁ ደብዘዝ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የእንጨት በር፣ ዛፍ ወይም ቀለም የተቀባ ግንብ ይሁን፤ ፊታችሁን ወደ መስኮት አዙሩ፤ በስልኩ ስክሪን ላይ ፊታችሁን በጣት ነካ አድርጋችሁ ብርሃኑን ከዚያ ለኩ። ደጅ ከሆነ የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥላ ስለሚጥል ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሻላል፤ የበረንዳ ጥላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያገለግላል። ጠይምነታችንና ጥቁረታችን በደንብ ሲበራ የሚያምር ቀለም ነው፤ የሚደበቅ ነውር አይደለም።

ሦስተኛው ዓይን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የአሣሣል ወግ ጻድቃን በአብዛኛው ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ እኩያን ደግሞ በጎን፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ። አባቶቻችን ሠዓሊዎች ተመልካቹ ፊት ለፊት የሚያየውን ሰው እንደሚቀርበው ተረድተው ነበር። ጥቁር መነጽር፣ ግንባርን የሸፈነ ኮፍያ፣ ወደ ሩቅ የሚያይ ዓይን ለሌላ ፎቶ ይሆናሉ፤ ለፕሮፋይል ግን ሁለቱም ዓይኖች ይታዩ፣ ወደሚያየውም ሰው ይዩ። ፈገግታውም በቤታችሁ ደጃፍ ለምትቀበሉት እንግዳ የምታሳዩት ዓይነት ከሆነ በቂ ነው።

ስለ ልብስ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በሥራችሁ ላይ የምትለብሱትን ልበሱ። ሐኪሟ ነጭ ጋዎኗን፣ መካኒኩ ቱታውን፣ የሽሮና የበርበሬ ነጋዴዋ ንጹሕ ሽርጧን ብታደርግ ከኪራይ ሱፍ የበለጠ ይናገርላቸዋል። ነጠላ የምታጣፋ በነጠላዋ፣ ሒጃብ የምታደርግ በሒጃቧ ትታይ። ፎቶው ከመሰቀሉ በፊት አንድ ፈተና ይቀራል፤ በስክሪኑ ላይ የጥፍር ያህል አሳንሳችሁ እዩት። ፊቱ በዚያ መጠን ካልተለየ ራስና ትከሻ እስኪቀር ከርክሙት። አራት ማዕዘኑ ክብ ሲሆን የሚቆረጥ ጠርዝ እንዳለም አትርሱ። በሠርግ ላይ አሥር ሰው ሆናችሁ የተነሣችሁት ፎቶ መልካም ትዝታ ነው፤ ማንኛችሁ የገጹ ባለቤት እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

አሁን ጉዳዩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ለምን ከሌላው ይልቅ እንደሚከብድ ልንገራችሁ። በአገራችን ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ብዙ እናቶችና አባቶች አሉ። እነሱም ዛሬ ስልክ ይዘዋል፤ ልጆቻቸው በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኩዌት፣ በሊባኖስ፣ በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች ይሠራሉ፤ በኢሞና በዋትስአፕ ይገናኛሉ። ፊደል ለማታነብ እናት ከስልኩ ላይ የተጻፈው ስም ምንም አይነግራትም። ልጇን የምትፈልገው በፎቶዋ ነው። ጣቷ የሚያርፈው በልጇ ፊት ላይ ነው። ልጅቱ ሲምካርድ በቀየረች፣ አዲስ ቁጥር ባወጣች ጊዜ እናቷን «እኔ ነኝ» የሚልላት ያው ፎቶ ነው። ያቺ ልጅ የራሷን ፊት አንሥታ የፊልም ተዋናይ ወይም ጽጌረዳ አበባ ስታደርግ እናቷ ልጇን ከስልኩ ውስጥ ታጣለች። እናንተ ወላጆቻችሁ ፊደል የማያነቡ ሁሉ፣ ፕሮፋይል ፎቷችሁ ለእነሱ ስማችሁ ነው። ስም እንደማይለዋወጥ እሱም አይለዋወጥ።

በዚሁ በኩል አጭበርባሪም ይገባል። አሠራሩ የታወቀ ነው። የሰውየውን ፎቶ ከገጹ ላይ ይወስዳል፣ በዚያው ስም ሌላ ገጽ ይከፍታል፣ ከዚያ ለወዳጅ ዘመድ «ስልኬ ጠፍቶ ነው፣ ቸግሮኛል፣ ገንዘብ ላኩልኝ» እያለ ይጽፋል። ዘመድ ፊቱን አይቶ ያምናል፤ ይልካል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሌላን ሰው ማንነት በኤሌክትሮኒክ መንገድ መስረቅን ወንጀል አድርጎታል። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው፤ ከሕግ በፊት ግን ጥንቃቄ ይቀድማል። ፎቶ ብቻ አይቶ ገንዘብ የሚልክ ዘመድ በቤታችሁ አይኑር። ገንዘብ የተጠየቀ ሰው መጀመሪያ በሚያውቀው ቁጥር ደውሎ ድምፅ ይስማ። ይህን ለእናት ለአባታችሁ በቃል አስተምሩ።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት መምጣት ነገሩን አጥብቆታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሶፊ ናይቲንጌልና ሐኒ ፋሪድ ያሳተሙት ጥናት ሰዎች በኮምፒውተር የተፈጠረን ፊት ከእውነተኛው መለየት እንደማይችሉ፣ እንዲያውም የተፈጠረው ፊት ትንሽ ይበልጥ የሚታመን ሆኖ እንደሚታያቸው አሳይቷል። የጠራ ቆዳና የተስተካከለ ፊት ከእንግዲህ ለማንም ምስክር አይሆንም። በዚህ ዘመን ፎቷችንን በመተግበሪያ አለስልሰን፣ ያልለበስነውን ሱፍ አልብሰን፣ መንጋጋችንን አሹለን ብናወጣ ከሐሰተኞቹ ፊቶች መካከል ራሳችንን እናስገባለን። ለቃለ መጠይቅ የገባ ወጣት ፎቶውን ካልመሰለ ጠያቂው ገና ከበሩ መጠራጠር ይጀምራል። ሽበቱ፣ ጠባሳው፣ የግንባሩ መስመር፣ የጥርሱ ፍንጭት ማሽን ያልፈጠረን መሆናችንን ይመሰክራሉ።

ፊቴን ላሳይ አልፈልግም የሚል ሰው ደግሞ አለ፤ ይህንን ሰው ማክበር ይገባናል። በተለይ ሴቶች ፎቷቸውን ስላወጡ ብቻ የሚደርስባቸውን ስድብ፣ ትንኮሳና ማስፈራሪያ እናውቃለን። ከጉልበተኛ የሸሸች፣ ሥራዋ ለአደጋ የሚያጋልጣት ሴት ፊቷን የማሳየት ግዴታ የለባትም። መሣሪያዎቹም ይረዳሉ። በቴሌግራምና በዋትስአፕ የግል ደኅንነት ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ፕሮፋይል ፎቶን ስልካችን ላይ የተመዘገቡ ሰዎች ብቻ እንዲያዩት ማድረግ ይቻላል። በቴሌግራም ላይ አዲስ ፎቶ ስንሰቅል አሮጌዎቹ ከኋላ ተደርድረው እንደሚቀሩና ማንም ገልጦ ሊያያቸው እንደሚችል አስታውሱ፤ የማትፈልጉትን አንድ በአንድ አጥፉ። ከፎቶው ጀርባ የቤት ቁጥር፣ የመኪና ታርጋ፣ የልጅ ትምህርት ቤት መለያ እንዳይታይ ተመልከቱ። ፊት የማያወጣ ሰው የሥራ መሣሪያውን፣ የእጁን ሥራ፣ የሱቁን ምልክት ያድርግ፤ ከዚያም አይቀይረው። መታወቂያው እሱ ይሆናል።

ብዙ ምእመናን በፊታቸው ቦታ ቅዱስ ሥዕል፣ የመስጊድ ወይም የካዕባ ምስል ያስቀምጣሉ። የሚያደርጉት በፍቅርና በአክብሮት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር እንድታስቡበት እለምናለሁ። ከዚያ ምስል ጎን በየቀኑ የምንጽፈው ንግድ፣ ክርክር፣ አንዳንዴም ቁጣ አለ፤ ያ ሁሉ በቅዱሱ ምስል ሥር ይወጣል። የቀደሙት ሰዎች በዚህ ይጠነቀቁ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በጣና ባሕር ላይ ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሥዕላቸው ይገኛል፤ የተሣሉት ግን በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ነው። በእሷ ቦታ አልቆሙም፤ እሷንም በራሳቸው ቦታ አላቆሙም። ቅዱሱን ምስል ከላይ በሰፊው የገጽ መሸፈኛ ላይ ብናደርገውና የራሳችንን ፊት በክቡ ውስጥ ብንተው ለተናገርነው ሁሉ ራሳችን ተጠያቂ እንሆናለን።

የሌላ ሰው ፊትም የእኛ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ይህ ሕግ ኢንተርኔት ከመኖሩ ብዙ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፤ አስተሳሰቡ ግን ዛሬም አላረጀም። ልጆቻችንን እንውደድ፤ የሕፃኑን ፊት በራሳችን ገጽ ላይ ከማውጣታችን በፊት ግን ሲያድግ ስለ መልኩ የመወሰን መብት እንዳለው እናስብ። የታወቀ አርቲስትን ወይም ያላወቅናትን ቆንጆ ሴት ፎቶ ለጥፎ ሰው ማነጋገር ደግሞ ውሸት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ከባድ ጉዳይ ልጨምርና ልጨርስ። ዘመድ ሲሞት ብዙዎቻችን ፕሮፋይል ፎቷችንን በሻማ ወይም በሟቹ ምስል እንተካለን። የሚያየውም ደውሎ ያጽናናል፤ ይህ ለቅሶ መድረስ በአዲስ መልክ ነው፣ መልካም ነው። ነገር ግን መርዶ በአገራችን ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ቅርብ ሰው ተጠርቶ፣ በማለዳ ቤት ድረስ ተሄዶ፣ ሰው ብቻውን በማይሆንበት ሰዓት ይነገራል። ዛሬ ግን በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይ ያለ ልጅ የእናቱን ሞት በሥራ ቦታ፣ በአውቶቡስ ላይ፣ በአንድ የሩቅ ዘመድ ፕሮፋይል ፎቶ መቀየር ይሰማል። አጠገቡ የሚይዘው ሰው የለም። ይህ በጣም ያሳዝናል፤ ልናስቀረውም እንችላለን። መርዶው ለሚመለከታቸው ሁሉ እስኪነገር ማንም የቤተሰብ አባል ፎቶውን አይቀይር። ዕድር ለቀብር አስፈጻሚ እንደሚመድብ ሁሉ «ለውጭዎቹ ተነግሯል ወይ?» ብሎ የሚያጣራ አንድ ሰው ይመድብ።

ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ሦስት ነገር እንድታደርጉ አደራ እላለሁ። መጀመሪያ የአሁኑን ፕሮፋይል ፎቷችሁን ለአንድ ለሚያውቃችሁ ሰው አሳዩና «ይህ እኔ ነኝ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ የድሮዎቹን ተመልከቱና ሊታዩ የማይገባቸውን አጥፉ። በመጨረሻም እናት ወይም አባታችሁ በስልካቸው ላይ እናንተን በምን እንደሚለዩ ጠይቋቸውና ፎቶውን ለእነሱ በሚመች መልክ አስተካክሉ። ለሥራ የምትወዳደሩ ወጣቶች፣ ለማታውቁት ሰው የምትሰጡት የመጀመሪያ ነገር እውነት ይሁን። ነጋዴዎችና ባለሙያዎች፣ አንድ መልክ ይዛችሁ ጽኑ። ወላጆች፣ የልጆቻችሁን ፊት ጠብቁ። ለሚያየን ሰው አስበን የመረጥነው ፎቶ ያሳውቀናል፣ ያሳምነናል፣ ከዘመድም ያገናኘናል፤ ለራሳችን ብቻ ብለን የመረጥነው ግን ባለቤቱን እንጂ ማንንም አይጠቅምም።